ባሕር ውስጥ ማን ከማን ጋር ይኖራል? ስለ ባሕር ፍጥረታት ግንኙነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ባሕር ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ትልቁ ትንሹን ሲውጥ ነው። መዋጡ እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባለው ፍጥረት በገነባው የባሕር ውስጥ ዓለት) ላይ ከንጋት እስከ ምሽት የሚሆነውን ሁሉ የተመለከተ ሰው፣ መዋዋጡ ከብዙ ጉዳዮች አንዱ ብቻ እንደሆነ ይረዳል። እዚያ የሚያክም አለ፣ ዘብ የሚቆም አለ፣ የሚያታልል አለ፣ የሌላውን ምላስ በልቶ በምላሱ ቦታ የሚቀመጥም አለ።

በባሕር ውስጥ ያሉ ዝርያዎች በምን በምን መንገድ ይገናኛሉ?

መማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ አምስት መንገዶችን ይዘረዝራሉ። አንዱ ሌላውን አድኖ ይበላል። ሁለቱ ለአንድ ምግብ ወይም ለአንድ ቦታ ይሻማሉ። ሁለቱም እየተጠቀሙ አብረው ይኖራሉ። አንዱ ሲጠቀም ሌላው አይጠቀምም፣ አይጎዳምም። አንዱ በሌላው ላይ ተለጥፎ ወይም ውስጡ ገብቶ እየበላው ይኖራል፤ ይህ የመጨረሻው ጥገኛ ተሕዋሲ የምንለው ነው።

ክፍፍሉ ለመነሻ ይጠቅማል። ሆኖም እነዚህ ስሞች የእንስሳቱ ጠባይ መጠሪያ አይደሉም፤ በአንድ ወቅትና በአንድ ቦታ በመካከላቸው የቆመው ውል መጠሪያ ናቸው። ውሉ ይፈርሳል፣ ይታደሳል፣ አንዳንዴም ይገለበጣል። በጠዋት ሐኪም የነበረው ዓሣ ከሰዓት በኋላ ከታካሚው ገላ ሲሰርቅ ይገኛል። በአንዱ ባሕር ደን ጨራሽ የሚባለው እንስሳ በሌላው ባሕር ሲጠፋ ይለቀስለታል። ስለ ባሕር ፍጥረታት የሚነሱ አብዛኞቹ ግራ መጋባቶች የሚመጡት ይህን ከመርሳት ይመስለኛል።

የምግቡ ሰንሰለት የሚጀምረው ከየት ነው?

አብዛኞቹ በዓይን ከማይታዩ ተንሳፋፊ ፍጥረታት ነው። ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ፤ ብርሃን በሚደርስበት የላይኛው የውኃ ክፍል ሆነው፣ ልክ እንደ የብስ ዕፅዋት፣ በፀሐይ ኃይል ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። በምድራችን ላይ በብርሃን አስተፃምሮ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ የባሕር ተንሳፋፊዎች ሥራ ነው። እነርሱን ደቃቅ እንስሳት ይበሏቸዋል፤ ደቃቆቹን ትናንሽ ዓሦች፣ ትናንሾቹን ደግሞ ትላልቆቹ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል በአማካይ አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ ሌላው በኑሮ ይቃጠላል። ሰርዲን እልፍ፣ ሻርክ ግን ጥቂት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው የሌሊቱን ጉዞ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቁጥር የሌላቸው ደቃቅ እንስሳት፣ ትናንሽ ዓሦችና ስኩዊዶች በመቶዎች ሜትር ከሚቆጠር ጥልቀት ተነስተው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በጨለማው ተገን ሲመገቡ ያድራሉ፤ ሊነጋ ሲል ተመልሰው ይወርዳሉ። በጠቅላላ ክብደቱ ሲለካ በምድር ላይ ካሉት የእንስሳት ጉዞዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ደግሞም በየዕለቱ ይደገማል። የሚያስኬዳቸው ፍርሃት ነው። በቀን ላይኛው ውኃ ውስጥ መገኘት ማለት ለአዳኝ ዓይን መጋለጥ ነውና።

ክላውንፊሽ በአኔሞኒ መካከል ሲኖር ለምን አይነደፍም?

የባሕር አኔሞኒ አበባ ቢመስልም እንስሳ ነው። በእያንዳንዱ ክሩ ላይ ደቃቅ መርዘኛ መርፌዎች ተጠቅልለው ይጠብቃሉ፤ የሚያልፍ ዓሣ ሲነካቸው ይስፈነጠራሉ። ክላውንፊሽ የተባለው ትንሽ ዓሣ ግን በእነዚህ ክሮች መካከል ያድራል፣ እንቁላሉንም ከሥራቸው ካለው ድንጋይ ላይ ይጥላል። የሚጠብቀው በዋናነት ቆዳውን የሸፈነው ልጋግ ነው፤ ልጋጉ መርፌዎቹን የሚቀሰቅሰውን ምልክት ስለማይሰጥ አኔሞኒው ምግብ መጣልኝ አይልም። አንዳንድ የክላውንፊሽ ዝርያዎች አዲስ አኔሞኒ ሲያገኙ ዘለው አይገቡም። መጀመሪያ በጅራታቸው ጫፍ፣ ቀጥሎ በሆዳቸው እየነካኩ ቀስ በቀስ ይለማመዱታል።

አኔሞኒውስ ምን ያገኛል? ክሮቹን የሚቀነጥቡ ዓሦች ሲመጡ ክላውንፊሹ፣ ያን ያህል ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ ተወርውሮ ያባርርለታል። የሚጥለው ቆሻሻ ለአኔሞኒውና በውስጡ ለሚኖሩት አልጌዎች (እንደ ዕፅ በብርሃን ምግብ ለሚሠሩ ደቃቅ ፍጥረታት) ማዳበሪያ ነው። ሌሊት ሲንቀሳቀስም በክሮቹ መካከል ንጹሕ ውኃ እንዲዘዋወር ያደርጋል። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የአኔሞኒ ዝርያዎች ቢኖሩም ክላውንፊሽን የሚያስጠጉት አሥር ያህሉ ብቻ ናቸው።

በአንድ አኔሞኒ ውስጥ ያለው ቤተሰብም የራሱ ሥርዓት አለው። ትልቋ እንስት ናት፤ በመጠን ሁለተኛው ባሏ ነው፤ የቀሩት ትናንሾች ተራ ይጠብቃሉ። እንስቷ ከሞተች ባሏ ጾታውን ቀይሮ እንስት ይሆናል፤ ከትናንሾቹ ቀዳሚው ደግሞ የባልነቱን ቦታ ይይዛል።

እውነት ሌሎች ዓሦችን የሚያክም ዓሣ አለ?

አለ፤ እኔም ከሁሉ ይበልጥ በደስታ የምመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች እንዲሁም በቀይ ባሕር ሪፎች ላይ ከመሐል ጣት ብዙም የማይረዝም፣ ከአፉ እስከ ጅራቱ ጥቁር መስመር የተሰመረበት አጽጂ ዓሣ ይኖራል። የራሱ ቋሚ ቦታ አለው፤ ታካሚዎቹ ወደ እርሱ ይመጣሉ።

አንድ ትልቅ ግሩፐር ሲመጣ እንይ። ይህ ዓሣ በሌላ ሰዓት እንዲህ ያለውን ትንሽ ፍጥረት በአንድ ጉርሻ የሚውጥ ነው። ከጣቢያው ሲደርስ ግን መዋኘቱን ያቆማል፤ አፉን ይከፍታል፤ ስንጥቦቹን (መተንፈሻዎቹን) በልቅጦ ይቆማል። አጽጂው ወደ ከንፈሩ ይጠጋል፣ ከዚያ ወደ አፉ ይገባል። በጥርሶቹ መካከል የቀረውን ይለቅማል፤ ደም የሚመጥጡትን ጥገኛ ነፍሳት አንድ በአንድ እየነቀለ ይበላል፤ በስንጥቡ በኩል ይወጣል። ግሩፐሩ መሄድ ሲፈልግ ሰውነቱን ነቅነቅ ያደርጋል። አጽጂው ይወጣል፤ ቀጣዩ ይገባል። አንድ አጽጂ በአንድ ቀን ከአንድ ሺህ በላይ ጥገኛ ነፍሳት ይበላል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ «እከክልኝ ልከክልህ» ነው። ውስብስቡ የሚመጣው አጽጂው ከጥገኛ ነፍሳቱ ይልቅ የታካሚውን ልጋግ ስለሚወድድ ነው። ልጋጉ ለታካሚው መከላከያው ነው፤ አጽጂው ሲቦጭቅለት ሕመም ይሰማውና ይዘላል። ታዲያ አጽጂውን ማን ይቆጣጠረዋል? የባሕርይ ተመራማሪው ሬድዋን ብሻሪና ባልደረቦቹ በቀይ ባሕርና በሌሎችም ቦታዎች ለዓመታት ሲከታተሉት የገበያ ሥርዓት የሚመስል ነገር አግኝተዋል። ከሪፍ ወደ ሪፍ የሚዘዋወሩ ዓሦች ከተታለሉ ወደ ሌላ አጽጂ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ አጽጂው እነርሱን ቶሎ ያስተናግዳል። ሌላ አማራጭ የሌላቸው የሰፈሩ ዓሦች ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ከተነከሱ ግን አጽጂውን ያሳድዱታል፣ ከዚያ በኋላም በጥንቃቄ ይሠራላቸዋል። ሌሎች ታካሚዎች እየተመለከቱት ሲሆን ማጭበርበሩ ይቀንሳል። አዳኝ ዓሦችን ደግሞ እምብዛም አይደፍርም፤ እንዲያውም በሆዱ ሥር ባሉት ክንፎች ጀርባቸውን እያሻሸ ያረጋጋቸዋል። ወንድና ሴት አጽጂዎች አብረው አንድ ታካሚ ሲያስተናግዱ ሴቷ ከነከሰች ወንዱ ያባርራታል፤ ደንበኛው በእርሷ ምክንያት ስለሚሄድበት።

የዚህ ትንሽ ዓሣ ሥራ ለሪፉ ያለው ዋጋም ተፈትኗል። በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ፣ በሊዛርድ ደሴት አካባቢ፣ ተመራማሪዎች ከተወሰኑ ትናንሽ ሪፎች አጽጂዎችን ለስምንት ዓመት ተኩል ሲያስወግዱ ቆዩ። በእነዚያ ሪፎች ላይ የዓሦቹ ብዛትም የዝርያዎቹ ዓይነትም አነሰ፤ አንዳንዶቹ ዓሦች በመጠንም ቀነሱ።

አጽጂ መስሎ የሚያታልልስ አለ?

አዎን፣ በቀለሙም በአዋዋኙም አጽጂውን የሚመስል ሌላ ዝርያ አለ። ሊታከም የቀረበው ዓሣ ክንፉን ዘርግቶ ሲቆም ይህኛው ከገላው ቆርጦ ይሮጣል። መተማመን በቆመበት ሁሉ በመተማመኑ የሚነግድ አይጠፋም። አስመሳዮቹ ግን ከእውነተኞቹ አንጻር ጥቂት መሆን አለባቸው፤ ከበዙ ለማንም አፉን የሚከፍት ስለማይኖር እነርሱም ይራባሉ።

አንዱ ዝርያ ለሌላው ዘብ ይቆማል የሚባለው እንዴት ነው?

ምርጡ ምሳሌ የጎቢ ዓሣና የሽሪምፕ (የሸርጣን ዘመድ የሆነ ትንሽ እንስሳ) ነገር ነው። ሽሪምፑ በአሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ዓይኑ ግን እጅግ ደካማ ነው። ጎቢው በደንብ ያያል፤ መቆፈር ግን አይችልም። ስለዚህ ጉድጓዱን ይጋሩታል። ሽሪምፑ እንደ ትንሽ ቡልዶዘር አሸዋውን እየገፋ ሲወጣና ሲገባ ጎቢው ከደጃፉ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። ሽሪምፑ በወጣ ቁጥር አንዷን ረጅም አንቴና በጎቢው ገላ ላይ ያሳርፋል፤ ልክ ዓይነ ስውር በመሪው ትከሻ ላይ እጁን እንደሚያሳርፍ። አደጋ ሲመጣ ጎቢው ጅራቱን ፈጠን አድርጎ ያርገበግባል፤ ሽሪምፑም ወዲያው ወደ ኋላ ይመለሳል። አደጋው ከባሰ ጎቢው ራሱ በአናቱ ተወርውሮ ይገባል። ማታ ሁለቱም በአንድ ጉድጓድ ያድራሉ።

የተለያዩ ዝርያዎች ተጠራርተው ያድናሉ?

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ይጠራጠራሉ፤ ጥርጣሬያቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ከቀይ ባሕር የወጣ ጥናት አሳማኝ ነው። ግሩፐር በግልጽ ውኃ ውስጥ ፈጣን አዳኝ ነው፤ ያሳደደው ዓሣ የኮራል ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ግን ምንም ማድረግ አይችልም። እባብ የሚመስለው ትልቁ ሞሬይ በስንጥቅ ውስጥ እየተሳበ ያድናል። ግሩፐሩ ሞሬዩ ወዳረፈበት ዋሻ ይሄድና ፊት ለፊቱ ጭንቅላቱን በፍጥነት ያንቀጠቅጣል። ሞሬዩ ብዙ ጊዜ ጥሪውን ተቀብሎ ይወጣል፤ ጎን ለጎን ይዋኛሉ። ሞሬዩ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ታዳኙ ሁለት ሞት ይጠብቀዋል፦ ከወጣ ግሩፐር፣ ከቀረ ሞሬይ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባል የለ? እዚህ ዘንዶ መሳዩ ራሱ ዓሣ ጎርጓሪ ሆኗል።

ያገኙትን አይካፈሉም፤ የያዘው ይውጠዋል። ቢሆንም እያንዳንዱ ብቻውን ከሚያድነው የበለጠ ያገኛል።

ኦክቶፐስም እንዲሁ ከዓሦች ጋር ያድናል። ዓሦቹ የት መሄድ እንደሚሻል ይጠቁማሉ፤ ኦክቶፐሱ ክንዶቹን በድንጋዮች ሥር እየዘረጋ የተደበቀውን ያስወጣል። ሳይሠራ ለመብላት ብቻ የሚከተል ዓሣ ሲያስቸግረው ደግሞ በክንዱ ይመታዋል። ድብደባው በቪዲዮ በተደጋጋሚ ተቀርጿል።

ኮራል ዕፅ ነው፣ እንስሳ ነው ወይስ ድንጋይ?

ሦስቱም መልሶች ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ኮራል እንስሳ ነው፤ ከአኔሞኒ ጋር ይዛመዳል። በሥጋው ውስጥ ግን አንድ ሕዋስ ብቻ ያላቸው አልጌዎች ይኖራሉ። የሚቆምበት አጽምም ከባሕር ውኃ እየሳበ የገነባው ኖራማ ድንጋይ ነው።

የኮራልና የአልጌው ውል ከባሕር ውሎች ሁሉ ትልቁን ከተማ የገነባ ነው። አልጌው መጠለያና የእንስሳውን ተረፈ ምርት ያገኛል፤ በምላሹ በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ይሰጣል። ብዙ ኮራሎች ከሚያስፈልጋቸው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚያገኙት ከዚህ ነው። ሞቃታማው ባሕር ምግብ ያነሰበት ጥርት ያለ ውኃ ሆኖ ሳለ በሕይወት የተትረፈረፈ ሪፍ የተገነባበት ምስጢር ይኸው ነው። የኮራል ሪፎች ከባሕር ወለል ከአንድ በመቶ በታች ቢሸፍኑም ከሚታወቁት የባሕር ዝርያዎች ሩብ ያህሉ በሕይወታቸው በአንዱ ዘመን ይጠለሉባቸዋል።

ውሉ የሚፈርሰው በሙቀት ነው። የውኃው ሙቀት ከተለመደው የበጋ ጣራ አንድ ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል አልፎ ለሳምንታት ከቆየ አልጌው ኮራሉን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችን ማመንጨት ይጀምራል፤ ኮራሉም ያስወጣዋል። ቀለም የሚሰጠው አልጌው ስለነበረ ነጭ አጽሙ በስሱ ሥጋ ውስጥ ይታያል። የነጣ ኮራል ወዲያው አይሞትም። ሙቀቱ ቶሎ ከተመለሰ አልጌ መልሶ ሊይዝ ይችላል፤ ከቆየ ግን በረሃብ ይሞታል። በሚያዝያ 2024 ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መከሰቱ ተገልጿል። ይህን የምጽፈው ልቤ እያዘነ ነው። ዓሣውም፣ ሸርጣኑም፣ አጽጂውም፣ ግሩፐሩም ከላይ የተወራላቸው ሁሉ የሚኖሩት በዚህ በዓይን በማይታይ ውል ላይ ነው።

ኮራሎች እርስ በርስ ይጣላሉ?

ይጣላሉ፣ ያውም ሌሊት። ቦታ ጠባብ ስለሆነ ጎረቤት ሲጠጋ አንዳንዶቹ ከተለመደው በጣም የሚረዝሙ መንደፊያ ክሮች ይዘረጋሉ፤ ሌሎቹ የሆድ ዕቃቸውን ክሮች አውጥተው የጎረቤትን ሥጋ በቦታው ያሟሟሉ። ጠዋት ላይ በሁለቱ መካከል ነጭ የሞተ ድንበር ይታያል።

የዓሣን ምላስ የሚበላ ፍጥረት አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የሸርጣን ሩቅ ዘመድ የሆነ ትንሽ ጥገኛ ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ አህጉር የፓስፊክ ዳርቻ በሚገኙ ስናፐር ዓሦች ላይ ይታያል። በዓሣው ስንጥብ በኩል ይገባል። እንስቷ ምላሱ ላይ ተጣብቃ ደሙን ትመጥጣለች፤ ምላሱም ደም አጥቶ ይከስማል። ከዚያ በቀረው ጉማጅ ላይ ራሷን ታስይዝና በምላሱ ቦታ ትቀመጣለች። ዓሣው አፉን ሲከፍት ሁለት ትናንሽ ዓይኖች ከውስጥ ይመለከታሉ። ዓሣው መብላቱን ይቀጥላል፤ ጥገኛዋ ለረጅም ጊዜ የምትኖረው ዓሣው ሲኖር ነውና።

ጥገኛ ተሕዋስያን በሰው ዘንድ ስማቸው የጠፋ ነው። ግን አጽጂው ዓሣ የሚኖረው በእነርሱ ነው። እነርሱ ባይኖሩ ወረፋው፣ ጣቢያው፣ ያ ሁሉ መተማመን ባልተፈጠረ።

ሬሞራ በሻርክ ላይ ሲለጠፍ ሻርኩን ይጎዳዋል?

ብዙም አይጎዳውም። ሬሞራ በሚባለው ዓሣ አናት ላይ ያለው መምጠጫ የጀርባ ክንፉ ተለውጦ የሆነ ነው፤ ተለጥፎ በነጻ ይጓዛል፣ ፍርፋሪ ይለቅማል። ከሻርኩ ቆዳ ላይ ጥገኛ ነፍሳትን ስለሚበላም ጥቅም አለው። በሌላ በኩል መጎተቱ ድካም ይጨምራል። በመጠቀምና ባለመጎዳት መካከል ያለው ድንበር ቀጭን መሆኑን ሬሞራ ያሳያል።

አንድ ዝርያ ብቻ ቢጠፋ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

እንደ ዝርያው ነው። ይህን በሙከራ ያሳየው አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሮበርት ፔይን ነው። ከ1963 ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት የፓስፊክ ዳርቻ፣ ማዕበሉ ሲሸሽ በሚገለጠው ዓለት ላይ እየሄደ፣ ከአንድ የተወሰነ ቦታ የባሕር ኮከቦችን እየነቀለ ወደ ባሕሩ ይወረውር ነበር። የባሕር ኮከቡ ዋና ምግብ መስል የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እንስሳ ነው። አዳኙ ሲነሳ መስሎቹ ዓለቱን እየወረሩ ሌሎቹን አስለቀቁ፤ ከ15ቱ ዝርያዎች 8 ብቻ ቀሩ። በ1969 ፔይን እንዲህ ላለው ዝርያ በቅስት አናት ላይ ተቀምጦ ሌሎቹን በቆመበት በሚያጸናው ድንጋይ ስም ስያሜ ሰጠው። ድንጋዩ ሲወጣ ቅስቱ ይናዳል።

ሁለተኛው ታሪክ የባሕር ኦተር ነው። ይህ ጸጉራም እንስሳ ከቆዳው ሥር የስብ ሽፋን ስለሌለው በቀዝቃዛው ሰሜን ፓስፊክ ሙቀቱን የሚጠብቀው በጸጉሩና በመብላት ነው፤ በየቀኑ የክብደቱን ሩብ ያህል ይበላል። ከሚወዳቸው ምግቦች አንዱ በእሾህ የተሸፈነው የባሕር ጃርት ነው። የባሕር ጃርት ደግሞ ኬልፕ የሚባለውን ዛፍ የሚያህል የባሕር አረም ይበላል። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦተሮች ለጸጉራቸው ሲባል ታድነው በ1911 ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲደረግላቸው አንድ ሁለት ሺህ ያህል ብቻ ቀርተው ነበር። በ1970ዎቹ ተመራማሪው ጄምስ ኤስቴስና ባልደረባው በአላስካ አሉሺያን ደሴቶች ያዩት ልዩነት ዓይን የሚገልጥ ነው፦ ኦተር በተመለሰባቸው ደሴቶች ዙሪያ ጥቅጥቅ ያለ የኬልፕ ደን፣ ባልተመለሰባቸው ደግሞ ጃርት የተነጠፈበት ራቁት ወለል።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1990ዎቹ ኦርካ የሚባሉት ትላልቅ የባሕር አዳኞች በዚያው አካባቢ ኦተሮችን ማደን ጀመሩ። ኦተር ሲያንስ ጃርት በዛ፣ ደኑም እንደገና ተመነጠረ። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» እንደሚባለው መዘዙ የሚታየው በሌላ ፍጥረት ላይ፣ ዘግይቶ ነው።

በ2013 ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የባሕር ኮከቦች በወረርሽኝ መሞት ጀመሩ። ክንዶቻቸው እየተገነጠሉ ወደ ልጋግነት ይለወጡ ነበር። ከሁሉ የተጎዳው እስከ 24 ክንድ የሚያወጣው የሱፍ አበባ ኮከብ የሚባለው የጃርት አዳኝ ነው። ከውኃው ሙቀት ጋር ተዳምሮ የሰሜን ካሊፎርኒያ የኬልፕ ደን ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። የሞቱ መንስኤ የሆነው ባክቴሪያ ማንነት የታወቀው በ2025 ነው።

እንግዲያው የባሕር ጃርት ጎጂ እንስሳ ነው?

በፍጹም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች የኬልፑን ታሪክ ብቻ የሰሙ ናቸው። በካሪቢያን ባሕር ረጅም እሾህ ያለው ጥቁር ጃርት በኮራሎች ላይ የሚበቅለውን አረም እየጋጠ ለኮራል ቦታ ያስለቅቅ ነበር። በ1983 እና በ1984 ድንገተኛ በሽታ መጥቶ ከ90 በመቶ በላይ ጨረሰው። አረም የሚግጡ ዓሦች አስቀድሞ በአሥጋሪዎች ተመናምነው ስለነበር ተኪ አልነበረም። ጃማይካ ውስጥ በ1977 ከሪፉ 52 በመቶ ያህሉን ይሸፍን የነበረው ሕያው ኮራል በ1993 ወደ 3 በመቶ ወረደ፤ አውሎ ነፋስም የራሱ ድርሻ ነበረው።

በአንዱ ቦታ ጃርት ሲበዛ ደን ጠፋ፤ በሌላው ጃርት ሲያልቅ ሪፍ ጠፋ። እንስሳው አልተለወጠም። የተለወጠው ከማን ጋር፣ በምን ያህል ቁጥር እንደሚኖር ነው።

ከሌላ ባሕር የመጣ ዝርያ ለምን ይህን ያህል ይጎዳል?

የሚያውቀው ስለሌለ። መርዛማ እሾህ ያለው ውቡ ዓሣ ላየንፊሽ የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ተወላጅ ነው። በ1980ዎቹ በፍሎሪዳ ዳርቻ ታየ፤ ከዚያ በካሪቢያን ሁሉ ተሰራጨ። በተወለደበት ባሕር ትናንሽ ዓሦች አዳኝ መሆኑን ያውቃሉ፤ በአዲሱ ግን ክንፉን ዘርግቶ ሲቀርባቸው አይሸሹም። በባሃማስ በተደረገ ሙከራ፣ ላየንፊሽ የገባባቸው ትናንሽ ሪፎች በአምስት ሳምንት ውስጥ ከአዳዲስ ዓሦች ቁጥር ጭማሪ 79 በመቶውን አጥተዋል። የቅርብ ዘመዱም በ1869 በተከፈተው የስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር ወደ ሜድትራኒያን ገብቷል።

ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ምን ዓይነት ግንኙነት አለ?

እስከ 1977 ድረስ የሕይወት ሁሉ መነሻ ፀሐይ ናት ይባል ነበር። በዚያ ዓመት በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ፣ በ2,500 ሜትር ጥልቀት፣ አልቪን የተባለችው ሰው የምትይዝ ሰርጓጅ መርከብ ከምድር ስንጥቅ ሙቅ ውኃ የሚፈልቅበትን ቦታ አገኘች። ዙሪያው በሕይወት ተጨናንቆ ነበር። ከነዋሪዎቹ አንዱ እስከ ሁለት ሜትር የሚረዝም ቀይ ጫፍ ያለው ትል ነው፤ አፍም ሆድም የለውም። በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከፍልውኃው የሚወጣውን፣ ለሌላው መርዝ የሆነውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ተጠቅመው ምግብ ይሠሩለታል። እርሱ ደግሞ በቀይ ጫፉ ጋዙንና ኦክስጅኑን እየሰበሰበ ያቀርብላቸዋል።

ከላይ የሚወርድ ሲሳይም አለ። የሞተ ዓሣ ነባሪ ወለል ላይ ሲያርፍ በመጀመሪያ ሻርኮችና ሌሎች በሊታዎች ሥጋውን ይግጣሉ፤ ቀጥሎ ትሎችና ሸርጣኖች በፍርፋሪው ይኖራሉ፤ በመጨረሻ ባክቴሪያዎች በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ስብ እያፈራረሱ ሌሎችን ለአሥርተ ዓመታት ይመግባሉ። በ2004 ስም የተሰጣቸው አጥንት በል ትሎች ሥር መሰል አካላቸውን አጥንቱ ውስጥ ሰድደው ይኖራሉ፤ እነርሱም አፍ የላቸውም። አንድ ሞት ለብዙ ትውልድ ቀለብ ይሆናል።

ባክቴሪያ የሚጠቅመው በጥልቁ ባሕር ብቻ ነው?

አይደለም። በሃዋይ ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖር አውራ ጣት የሚያህል ስኩዊድ በሆዱ በኩል የሚያበሩ ባክቴሪያዎችን ያኖራል። ሌሊት ሲያድን የጨረቃን ብርሃን በሚመስል መጠን ወደ ታች ያበራሉ፤ ከሥር የሚያየው አዳኝ ጥላውን አይለይም። ሲነጋ 95 በመቶ ያህሉን ወደ ባሕሩ ያስወጣል፤ የቀሩት በቀኑ ውስጥ ተራብተው ለማታ ይደርሳሉ።

ይህን ሁሉ በራሴ ዓይን ማየት የምችለው እንዴት ነው?

ማዕበል ሲሸሽ በዓለት መካከል የሚቀሩ ትናንሽ ኩሬዎች ለጀማሪ በቂ ናቸው። የባሕር ኮከብ፣ አኔሞኒ፣ ሸርጣን፣ መስል፣ ሁሉም በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ድንጋይ ከገለበጣችሁ እንደነበረ መልሱት፤ ከሥሩ የሚኖረው ፀሐይ አይችልም።

በሪፍ ላይ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ የምትዋኙ ከሆነ ብዙ ቦታ ለማካለል አትቸኩሉ። አንድ ቦታ መርጣችሁ፣ ምንም ሳትነኩ፣ ለሩብ ሰዓት ተንሳፈፉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዓሦቹ ይሸሻሉ፤ ከዚያ ይረሷችኋል። አንድ ትልቅ ዓሣ አፉን ከፍቶ፣ ስንጥቡን በልቅጦ፣ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ካያችሁ የአጽጂ ጣቢያ አግኝታችኋል። አትቅረቡ፤ ከጀርባው ወረፋ የሚጠብቁ አሉ።